አጎበር ያልለበሰች ባቄላ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ከአንዲት የማስተርስ ተማሪ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ቲሲሷ እያወራን ነበር። ቦሎቄ ላይ ነው የምትሰራው፣ ሙከራዋን ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሐርቡ አካባቢ ነው የዘራችው፣ 16 ዝርያ በ3 ድግግሞሽ፣ በጠቅላላ 48 ፕሎት፣ ማለት 48 ቁራጭ የሙከራ መደብ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቷ ራሱ ማሳ ላይ እንደምትውል ይመሰክራል። ከ48ቱ ሁለቱን ፕሎት ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው ከብት ገብቶ በላባት። እና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ የሁለቱን ምርት ከሌሎቹ ድግግሞሾች አማካይ ወስጄ ኤክሴሉ ላይ ብሞላው ችግር አለው? ማንም አያውቅም እኮ" አለችኝ።

የስታቲስቲክሱን መልስ እዛው ነገርኳት። እኛ በካልኩሌተር በምንሰራበት ጊዜ ለጠፋ ፕሎት የሚሆን ፎርሙላ ነበረን፣ ዬትስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው፣ ግምቱን ትሞያለሽ፣ ለሞላሽው ለእያንዳንዱ ግምት ከኤረሩ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ ስህተቱን ለመገመት ከሚያገለግለው ነጻ ቁጥር ማለት ነው፣ አንድ አንድ ትቀንሻለሽ፣ ከሰንጠረዡ ስር ደግሞ ይሄ ግምት ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። አሁን ያሉት ሶፍትዌሮች ደግሞ ባዶውን ባዶ አድርገሽ ብትተዪውም ይሰሩልሻል። በቃ ይሄው ነው፣ ቀላል ነገር ነው። እሷም እሺ ብላ ሄደች።

"ማንም አያውቅም እኮ" ያለችው ግን እኔ ጋ ቀረ። ሆጤ እስክደርስ አብሮኝ ሄደ፣ ማታም እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ይችኑ ቃል እኔም በ29 ዓመቴ ለራሴ ብያታለሁ፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን በልቤ፣ እርሳስ ይዤ ፊልድ ቡክ የምንለው የማሳ መዝገብ ላይ ተደፍቼ። ለልጅቷ ያልነገርኳትን እዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው፣ በተለይ እርሻ ለምትማሩ፣ ዘር ማዳቀል ለምትመኙ ልጆች።

በ1986 ዓ.ም. ነው። አንድ የምርምር ጣቢያ የባቄላ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ተመራማሪ ነበርኩ። የጣቢያውን ስም ልተወው፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የጣቢያው አይደለም። ያኔ ሥራዬ በደቡብ ወሎ ደጋ እየዞርኩ ያገር ዘር መሰብሰብ ነበር። ከደሴ በቦሩ ሜዳ አድርገን ኩታበር እንሄዳለን፣ መኪናው እስከሚችለው ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ በእግር ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዳገት ወጥተን የሆነች እናት ቤት ገባን። እማማ ነው የምንላቸው፣ እኔም እማማ እያልኩ ልቀጥል። ባላቸው ሞተዋል፣ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ያኔ አስር ዓመት ቢሆነው ነው።

እማማ ቡና ካፈሉ በኋላ ወንበር ላይ ወጥተው ከጣሪያው ስር፣ ጭሱ በሚያልፍበት ቦታ ከተንጠለጠለው መሐል አንድ ቅል አወረዱ። አፉ በጭቃና በእበት ተመርጓል። በቢላ ፈልፍለው ከፈቱትና መዳፋቸው ላይ አፈሰሱልኝ። ትንንሽ ባቄላ ናት፣ ጠቆር ያለች፣ ብርሃን ላይ ስትይዟት ሐምራዊ ነገር የምትመስል፣ አመድ ተነስንሶባታል ለነቀዝ። እኛ ጣቢያ ካለው ዘር ጋር ሲተያይ ግማሹን ብታክል ነው። "ይቺ ቶሎ ትበስላለች፣ ክኳም ሳይሰባበር ይከካል፣ ውርጭ ሲመጣም ከሌላው ቀድማ ስለምትደርስ ታመልጣለች" አሉኝ። ከዛ ደግሞ ይሄን ሲሉ ድምፃቸው ተቀየረ፣ "በሰባ ሰባት ይቺን አልበላናትም። ሁለት ልጅ ቀብሬ ይቺን አልነካኋትም" አሉ።

እኔ በሰባ ሰባት ተማሪ ነበርኩ፣ ለእረፍት ስመጣ ሐረጎ ላይ በእግሩ እየተጎተተ የሚሄደውን ሰው ከአውቶቡስ መስኮት አይቻለሁ። እንጀራ ያለው ሰው ሆኜ ነው ያየሁት። ስለዚህ እማማ ያሉትን ስሰማ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ያን ጊዜ ያገር ዘር ሰብስቦ የሚያስቀምጠው የጂን ባንክ ሰዎች፣ ዶክተር መላኩ ወረደና ጓደኞቹ፣ ድርቁ ባለበት አገር እየዞሩ ገበሬው ሳይበላው ወይ ሳይሸጠው ዘር ለማትረፍ የለፉትን እኛ በትምህርት ቤት እንደ ታሪክ ነው የሰማነው፣ ዶክተር መላኩ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። እማማ ግን ማንም ሳይነግራቸው ቅል ውስጥ ያንኑ ሥራ ሰርተዋል።

ከነበራቸው አምስት ጣሳ ሁለቱን ሰፈሩልኝ። "አብዛልኝና መልስልኝ፣ ለሰውም ስጥ፣ ግን እንዳትቀላቅልብኝ" አሉ። እኔም "አብሽሩ እማማ፣ ለብቻዋ ነው የምዘራት" አልኳቸው። ለብቻዋ።

እዚህ ጋ ስለ ባቄላ ትንሽ ላውራ፣ ካልገባችሁ ቀሪው ታሪክ አይገባችሁም። ቦሎቄ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ አበባው ሳይከፈት ሥራው ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። ለዛ ነው ዮሃንሰን የሚባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1903 በቦሎቄ "ንጹህ መስመር" የሚባለውን ነገር ማሳየት የቻለው፣ ከአንድ ተክል የተገኘ ዘር ውስጥ ትልቁን እየመረጥክ ብትዘራም ልጆቹ በመጠን አይለያዩም፣ ምክንያቱም ውርሳቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ያመጣው አፈሩና ቦታው ነው። "ጂን" የሚለውን ቃል ራሱ ያወጣው እሱ ነው፣ በ1909። ባቄላ ግን እንደዛ አይደለም። ባቄላ ግማሽ ልቧ ውጭ ነው፣ ንብ ያዳቅላታል። እንደ ቦታውና እንደ ንቡ ብዛት በጣም ይለያያል፣ በአማካይ ግን ከዘሯ ሲሶ ያህሉ አባቱ ጎረቤት ማሳ ያለ ባቄላ ነው። ኮምቦልቻ ወርደህ ቦሎቄ ስትሰራ የማትጨነቅበትን ነገር ደሴ ወጥተህ ባቄላ ስትሰራ ሌሊት ሊያቃዥህ ይገባል፣ በመሐላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ነሐሴ ላይ ያበበ የባቄላ ማሳ ውስጥ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሽታው ነው መጀመሪያ የሚይዛችሁ። ነጭ አበባ ነው፣ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ዓይን የሚያይ ይመስላል። ንቧ መጥታ ክንፉ ላይ ስታርፍ በክብደቷ የአበባው የታችኛው ቅጠል ወደ ታች ይከፈታል፣ ከውስጥ የአበባው እንስት ክፍል ብቅ ትልና የንቧን ሆድ ትነካለች፣ ሆዷ ላይ ደግሞ ከሌላ አበባ የመጣ ብናኝ አለ። አለቀ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አንዳንዷ ንብ ደግሞ ከስር በስታ ማሩን ሰርቃ ትሄዳለች፣ እሷ ምንም አታዳቅልም። እኔ ሰዓታት ሙሉ ቁጭ ብዬ እንደዛ አይቻለሁ። ዛሬ ያሉ ልጆች ሙከራቸውን በቴሌግራም ነው የሚጎበኙት፣ ቴክኒሻኑ ፎቶ ይልክላቸዋል፣ እነሱ ከአዲስ አበባ ሆነው ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይሄን ሳይ ያመኛል። ፎቶ ላይ ንብ አትታይም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰኔ 26 የእማማን ዘር ዘራኋት። ሁለቱንም ጣሳ፣ እፍኝ ሳላስቀር። አንዲት እፍኝ በካኪ ፖስታ አድርጌ ሳጥኔ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ፣ አንዲት እፍኝ ደግሞ አዲስ አበባ ጂን ባንክ መላክ። ሁለቱንም አላደረግኩም። የተሰጣችሁን ዘር በሙሉ አንድ ወቅት አትዝሩ የሚለውን ማንም ስለሚያውቀው እዚህ እንደ ምክር አልጽፈውም፣ እኔም አውቀው ነበር። ከሷ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ሲኤስ 20 ዲኬ የሚባለው ለገበሬ የተለቀቀ የባቄላ ዝርያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው፣ ያኔ በየጣቢያው የምንዘራው እሱን ነበር። ሌላ መሬት አልነበረም፣ ስለዚህ መፍትሔው ማበብ ከመጀመሯ በፊት በአጎበር መሸፈን ነው፣ ንብ እንዳይገባ። አጎበሩ መጋዘን አለ። ችንካሩም አለ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የውጭ ስኮላርሺፕ መጣልኝ። በቃ ልቤ ሄደ። ለቪዛና ለሕክምና ምርመራ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ ስሄድ ለቀን ሠራተኛው "ነሐሴ 12 አጎበሩን አልብሱልኝ" ብዬ አዘዝኩ። የመጋዘን ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ አልነገርኩትም። ሦስት ቀን ብዬ የሄድኩት አስር ቀን ፈጀ፣ አንድ ወረቀት ሲገኝ ሌላው ይጎድላል፣ የያኔውን የቪዛ ጣጣ የዛሬ ልጅ አያውቀውም። ነሐሴ 21 ማታ ተመለስኩ። ጠዋት ማሳ ስወርድ ከሩቅ ነው የሰማሁት፣ ዝምምም የሚለውን። የእማማ ባቄላ ከታች እስከ መሐል አብባለች፣ አጎበር የላትም፣ ንቡ ከሷ ወደ ሲኤስ 20 ዲኬ፣ ከሲኤስ 20 ዲኬ ወደሷ ይመላለሳል። ሠራተኛው መጥቶ "ቁልፍ አጣሁ ጋሼ" አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጋሼ ይለኛል።

አሁን ይሄን በደንብ ስሙኝ ምክንያቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆጨኝ ይሄ ነው። ያን ቀን ጠዋት ነገሩ አልተበላሸም ነበር። ባቄላ ከታች ወደ ላይ ነው የምታብበው፣ ገና ያልተከፈተው የላይኛው አበባ ብዙ ነበር። ያበበውን በሙሉ፣ የቋጠረውንም በሙሉ በእጄ እየቆነጠርኩ ጥዬ፣ አጎበሩን ያኔውኑ ብሸፍነው ከላይኛው አበባ ንጹህ ዘር አገኝ ነበር። ምርቱ ያንሳል፣ ሁለት ጣሳዬን እንኳን ላልመልስ እችላለሁ፣ ግን ያገኘኋት የእማማ ትሆናለች። አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ከሁለት ሠራተኛ ጋር። ደክሞኝ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደሴ ወጥቼ ለመሰናበት ዘመድ ጥየቃ ነበረብኝ። አጎበሩን ብቻ አወጣንና ከነአበባው ሸፈንናት። ከዛ ፊልድ ቡኩን ከፍቼ በእርሳስ "ነሐሴ 12 በአጎበር ተሸፍኗል" ብዬ ጻፍኩ።

12። በ22 የተሰራውን በ12። ማን ያውቃል፣ አጎበሩ ያው ተሸፍኖ ይታያል።

እኔ መስከረም ላይ በረርኩ። እናንተም ስኮላርሺፕ ሲመጣ እንደ እብድ አትሩጡ፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ ሰብል ማሳ ላይ እያለ አትሂዱ። እንዲህ ስል ደግሞ ያን ዓመት ባልሄድ ኖሮ ዛሬ የማውቀውን ግማሹን አላውቅም፣ ለዚህ አገር የሰራሁትም ሥራ አይኖርም። ሂዱ። ግን... እንጃ፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ እንዴት እንደሚታረቅ እስከዛሬ አልገባኝም።

የዛኑ መስከረም ኩታበር ላይ በረዶ ወረደ፣ የእማማ ማሳ ውስጥ የቀረችውን ሦስት ጣሳ አወደመባቸው። ግንቦት ላይ ጣቢያው ድረስ በእግራቸውና በአይሱዙ መጥተው "ያ ልጅ የወሰደውን ዘሬን ስጡኝ" አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ፊልድ ቡኩን ከፍቶ አየ፣ ነሐሴ 12 በአጎበር ተሸፍኗል ይላል፣ ንጹህ ነው ብሎ ግማሽ ኩንታል የሚሆነውን ሙሉውን ሰጣቸው። እሱ ምን ያድርግ? ጽሑፌን ነው ያመነው። እማማም እዛው መሬት ላይ ዘርግተው አዩት። የራሳቸው ናት፣ ትንሽ፣ ጠቆር ያለች። መርቀው ወሰዱ።

ለምን የእማማ ሆና ታየች? እዚህ ላይ ጄኔቲክስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የባቄላ ልባሷ፣ ያ የሚላጠው ቆዳ፣ የእናትየው አካል ነው። ውስጡ ያለው ጽንስ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ በመጀመሪያው ዓመት ልጁ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ ነው የሚወለደው። ማን እንደሆነ የሚታወቀው እሱ ራሱ በተራው ሲዘራና ሲወልድ ነው። ስለዚህ ጥፋቴ አንድ ዓመት ሙሉ ቀሚስ ለብሶ ተደብቆ ተቀመጠ።

መጋቢት 1989 ተመለስኩ። ውጭ አገር ስለ ዘር ንጽህና ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፣ ተደንቄበት ነው የመጣሁት፣ ወዲያው ኩታበር ወጣሁ። እማማ ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሰፌድ አመጡና ባቄላ ዘረገፉበት፣ ዝም ብለው መልቀም ጀመሩ። ሰኞ ገበያ ባቄላ የሚሸጡ ሴቶች እንዴት እንደሚለቅሙ አይታችሁ ከሆነ፣ ጣታቸው ዓይን አለው፣ ወሬ እያወሩ ነው የሚለዩት። ሦስት ክምር ሠሩ። ትንንሿን ጠቆር ያለችውን ወደራሳቸው አደረጉ፣ "ይቺ የኔ ናት" አሉ። ሁለተኛውን፣ ትልቁን ፈዘዝ ያለውን፣ ወደኔ ገፉት፣ "ይቺ ያንተ ናት፣ ጣቢያው አይቻታለሁ"። ሦስተኛው ክምር ከሁለቱም ይበልጣል፣ መጠኑ መሐከለኛ፣ ቀለሙ ዝንጉርጉር። እሱን መሐል ላይ ተዉትና "ይቺስ የማናት?" አሉኝ።

"እማማ፣ ዘር ከአየሩ ጋር ይቀያየራል" አልኳቸው። ማስተርሴን ይዤ።

ቀና ብለው አዩኝ። "አላህ ያውቃል" አሉ፣ ከዛ ሰፌዱን አንስተው ሦስቱንም መልሰው ቀላቀሉትና ቡናውን ቀዱ። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ፣ በረካው እስኪደርስ መቀመጥ አልቻልኩም፣ መኪና ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። መኪና አልጠበቀኝም፣ ስወርድ ገና አልመጣም ነበር፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ተመልሼ መንገር እችል ነበር። ቤቱ ከተቀመጥኩበት ይታያል፣ ጭሱ ሳይቀር።

ከዛ በኋላ ብዙ ሠራሁ። በወረንጦ ወንዴውን ከአበባ ውስጥ እያወጣሁ በሺዎች የሚቆጠር ማዳቀል ሠርቻለሁ፣ ታግ አስሬያለሁ፣ የተለቀቁ ዝርያዎች ውስጥ እጄ አለ፣ የዋልካ መሬት ውሃ ሲተኛበት ሥሩ የማይበሰብስ ባቄላ ፍለጋ ጃማና ወረኢሉ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ቆሜያለሁ። አጎበር ላይ ግን ቴክኒሻኖቼ የሚያማርሩብኝ ሰው ሆንኩ፣ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ከማሳ አልነቃነቅም፣ የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ስትዳር ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም ምክንያቱም የባቄላ ማበቢያ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

በኋላ ቆርምድ የሚባል የባቄላ በሽታ መጣ። እድሜያችሁ ካነሰ ላታስታውሱት ትችላላችሁ፣ የባቄላው ቅጠል እብጥ እብጥ ይልና ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ሰሜን ሸዋንም ወሎንም አዳርሶ ደጋው ባቄላ መዝራት እስኪፈራ ድረስ አደረሰው። የሚቋቋም ዘር ለማግኘት ያገር ዘር እንደገና ስንሰበስብ እግሬ ራሱ ኩታበር ወሰደኝ። እማማ አርፈዋል። ያ ልጅ አድጎ ሦስት ልጅ ወልዷል፣ ማሳው ዳር አገኘሁት፣ የዘራው የተሻሻለ ዝርያ ነው፣ በቆርምድ ተጨማዷል። ለሱ ነገርኩት። ነሐሴ 12 ያልኩትን፣ 22 የሆነውን፣ ሰፌዱን፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ እንባ እየተናነቀኝ። እሱ አዳመጠኝና "ጋሼ፣ አሁን እሷን ማን ይዘራታል ብለው ነው፣ ምርት የላትም እኮ" አለኝ፣ ቀጥሎ ለቆርምዱ የሚረጭ መድኃኒት ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ይቅር እንዲለኝ ነበር የሄድኩት፣ ይቅር የሚባል ነገር እንዳለ ራሱ አላወቀውም።

የእማማ ባቄላ ቆርምድ ትቋቋም ነበር አልልም። አላውቅም። ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ለማየት ዘሯ ያስፈልጋል። ልጅቷ ፒያሳ ላይ "ማንም አያውቅም እኮ" ያለችው ይሄን አያካትትም፣ አንዲት ውሸት ቀን የምትሸፍነው የተደረገውን ብቻ አይደለም፣ ከዛ በኋላ ሊጠየቅ የሚችለውን ጥያቄ ሁሉ ነው ይዛ የምትሄደው።

አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ሁሉም በዲኤንኤ ይታያል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ የባቄላ ጂኖም፣ ማለት ሙሉው የዲኤንኤ ጽሑፏ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል፣ ስድስት ጥንድ ክሮሞሶም ብቻ ይዛ 13 ቢሊዮን ፊደል ገደማ፣ ከሰው ከአራት እጥፍ በላይ፣ የቦሎቄው ደግሞ በ2014 ወጥቷል፣ እሱ 600 ሚሊዮንም አይሞላም። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ጡረታ ወጥቼ እንኳን አነበዋለሁ። በማርከር፣ ማለት በዲኤንኤ ምልክት፣ ያንን ሦስተኛ ክምር ብናየው የትኛዋ ፍሬ ወደ እማማ ዘር እንደምትቀርብ አንድ በአንድ መለየት ይቻል ነበር። ክምሩ የታለና? ተበልቷል። የዛሬ ልጆች ከማሳው ይልቅ ከማሽኑ ስትጣበቁ ሳይ የምፈራው ይሄንን ነው፣ ማሽኑ የሚያነበው የመጣለትን ቅጠል ነው፣ ፖስታው ላይ የተጻፈው ስም ውሸት ከሆነ ማሽኑ ውሸቱን በጣም አጣርቶ ያነብላችኋል።

ሜንዴልን ሁላችሁም በአተር ነው የምታውቁት። እ.ኤ.አ. በ1866 በታተመው ያው ጽሑፍ ላይ ግን ቦሎቄም አለ፣ ሁለት ዓይነት ቦሎቄ አዳቅሎ የአበባው ቀለም እንደ አተሩ ሦስት ለአንድ አልሆንለት አለ። ከቀይ ሐምራዊ እስከ ነጭ የተዘረጋ ቀለም ወጣ፣ ካበቡት 31 ተክሎች ነጭ ያበበችው አንዲት ብቻ ናት። ሰውየው ሕጉን ሊያስተዋውቅ በወጣበት ወረቀት ላይ ሕጉን የሚያምታታ ውጤት አስቀመጠ፣ ምናልባት ቀለሙ ከአንድ በላይ በሆኑ ነገሮች ተደምሮ የሚመጣ ይሆናል ብሎ ገመተ፣ ትክክለኛው መንገድም እሱ ነበር። ያቺን አንዲት ነጭ አበባ ባይጽፋት ማን ያውቅበት ነበር? ከአተሩ ይልቅ እኔ ሜንዴልን የማከብረው በዚች ነው፣ ስታስተምሩ እሷንም አስተምሩ።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ጣቢያው የድሮ ፊልድ ቡኮችን ያስቀመጠበትን ክፍል አስከፈትኩ። የ1986ቱን አገኘሁት፣ ጥጉን አይጥ በልቶታል፣ ገጹ ግን ደህና ነው፣ የእርሳስ ጽሑፍ እንደ ቀለም አይለቅም። የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ያኔ አሁን ካለው ያምር ነበር። አልሰረዝኩትም። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ "በ12 አልተሸፈነም። በ22 ካበበ በኋላ ነው የተሸፈነው። ከሲኤስ 20 ዲኬ ጋር ተዳቅሏል" ብዬ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩበት። ሃላፊው ወጣት ልጅ ነው፣ "ጋሼ ይሄ አሁን ምን ያደርጋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ከዛ ማሳ የወጣ ዘር ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጥናት ውስጥ፣ በእማማ ዘር ስም ገብቶ ሊሆን ይችላል አልኩት። ፎቶ አንስቶት መዝገብ ላይ አያይዞታል፣ ይሄን ስላደረገ አመሰግነዋለሁ።

ትናንት ለልጅቷ ደወልኩላት። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ሐርቡ ማሳዋን አብረን እናያለን፣ የከብቱ ኮቴ ጠፍቶ ከሆነም የሁለቱን ፕሎት ቁጥርና ከብት የገባበትን ቀን ፊልድ ቡኳ ላይ አሁኑኑ ጽፋ እንድትጠብቀኝ ነግሬያታለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ይቆጣኛል ብላለች፣ ከተቆጣ ስልኩን እኔ ጋ ታገናኘዋለች። ኤክሴሉ ላይ ሁለቱ ሳጥን ባዶ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ትንታኔውን ከነባዶአቸው ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።